ሊጡ ውስጥ ያየሁት እጅ

አሶሳ፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጎረቤቴ ለነበርሽው ለዋሊድ እናት፣ ኩርሙክ

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ በአንቺ ሰላምታ ልጀምር፤ የእኔን ለመስማት ትፈልጊ እንደሆነ አላውቅምና። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ በዚያ ሙቀት ቀለል አለልሽ ወይስ እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል? ዋሊድ መቼም ቁመቱ አንቺን አልፎ ይሆናል። ኦመርስ እንዴት ነው? ድንበሩ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ንግዱ እንዴት ይዞታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ረጋሳ ደም ግፊቱን በመድኃኒት ይዞ ቢሮ ይመላለሳል። ኢልሊ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ መጣና በግቢያችን መካከል የነበረውን የቀርከሃ አጥር ግማሹን ጣለው። በአንቺ ቤት የገቡት ሰዎች ጨዋ ናቸው፤ ከሰላምታ በቀር ግን አንነጋገርም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሰሊጥ ነጋዴዋ ዓኢሻ ናት። በስልክ አልደፈርኩም። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ገና ሳይጠራ ዘጋሁት። ፖስታውን ደግሞ ዓኢሻ መንገድ ላይ ትከፍተው ይሆናል ብዬ ሁለት ጊዜ አሸግሁት። ስታይው እንዳይገርምሽ። ይህ ጠባዬ ገና አልለቀቀኝም።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት በሴቶቹ ፊት እጅሽን ስለያዝኩበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ። እኔ ልብ ውስጥ እንዴት እንደጀመረ ግን አልነገርኩሽም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነውንም አልሰማሽም።

ያ ክረምት ትዝ ይልሻል? የ2015ቱ፣ እኔ አሥራ አንድ ቀን በትኩሳት የተኛሁበት። አንቺ ነሽ አጥሚት እያፈላሽ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብዪኝ የነበረው። ስነሳ ሰውነቴ ዳነ፤ አፌ ላይ ግን ምግብ ሁሉ የረጠበ ወረቀት ሆነብኝ። የመድኃኒቱ ምሬት ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ወር አለፈ። ሽንኩርት ሳቁላላ ሽታው ሲጠፋብኝ ሽንኩርቱ አሮጌ ነው አልኩ። የቅቤው መዓዛ ሲጠፋብኝ ባለቅቤዋ ቀላቅላበታለች አልኩ።

አልዋሽሽም። አላወቅሁም ማለት አልችልም፤ አወቅሁ ማለትም አልችልም። አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ በዚህ ሰፈር የምታወቀው በምላሴና በአፍንጫዬ ነው። ድግስ ያለበት ሁሉ ወጥ ቅመሺልን ብሎ ይጠራኝ ነበር። ስንዴው ውስጥ ሲሶ ማሽላ ስንጨምር ያወቀብን ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ዳቧችሁ ጣፈጠ አሉን። ማሽላው እንዳይፈረፈር ዱቄቱን ቀድመን በፈላ ውሃ እንድንነክረው ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። በኩኪሱ ላይ ስኳሩን በግማሽ ቀንሼ በበሰለ ማንጎ የተካሁት፣ የተቆላ ለውዝ ወቅጬ የጨመርኩበት ደግሞ እኔ። መጠኑን የምናገኘው ሊጡን በጣቴ ጫፍ ቀምሼ ነበር። ማንኪያ ለማያውቁ ነው እያልኩ እስቅብሽ ነበር። ታዲያ ያ ጣት ምንም እንደማይነግረኝ ለማን ልንገር? ለራሴም አልነገርኩም።

ስለዚህ ጥፋቱን የምጥልበት ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

በመጀመሪያ ዱቄት ነጋዴው ላይ ጣልኩ። ግማሽ ኩንታል መለስኩለት፤ በሰው ፊት ቀላቃይ አልኩት። ቀጥሎ እርሾው ላይ፣ ከዚያ ጨው የምትሸጥልን ሴት ላይ። በዚህ መሀል የምንሸጥለት የረጋሳ ቢሮ ሻይ ክበብ አንድ ሳምንት ኩኪሱ ጨው በዛበት፣ በሌላው ሳምንት ደግሞ በጣም ጥሩ ነው ይሉኝ ጀመር። አንድ ሰው እየነካካው መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ወደ ጓዳዬ የሚገባ ሰው ደግሞ ካንቺ በቀር አልነበረም።

ያን ጊዜ አንቺን መጠበቅ ጀመርኩ።

ድሮ ፀሐይ ስትወጣ ትመጪ የነበርሽው ቀድመሽኝ መምጣት ጀመርሽ። ሊጡን አቡክቼ ስጨርስ አንድ ነገር ታዝዢኛለሽ። «የኢልሊ እናት፣ ከሰል አነሰ» ትያለሽ። «የኢልሊ እናት፣ በር ላይ ሰው ጠራሽ መሰለኝ» ትያለሽ። በሩ ላይ ማንም የለም። ስመለስ ሳፋው ቦታውን ቀይሮ አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ሊጡ ላይ በቢላዋ ጫፍ ምልክት አድርጌ ወጣሁ፤ ስመለስ ምልክቱ የለም፣ ሊጡ እንደ አዲስ ታሽቷል። የጨው ዕቃው ጎን ላይ በእርሳስ መስመር አደረግሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ከመስመሩ ወረደ። ሌላ ቀን ደግሞ በተከናነብሽው ቶብ ሥር የሆነ ነገር ሸሽገሽ በአጥሩ ቀዳዳ ስታልፊ አየሁ። ያለፍሽበት ቀዳዳ ሥር ነጭ ሊጥ ጠብ ብሎ ነበር። ሊጤን ትሰርቀኛለች አልኩ። እቤቷ ጋግራ ልትሸጥ ነው፣ ሙያዬን ከወሰደች በኋላ የእኔን ታበላሽና ደንበኞቼን ትወስዳለች አልኩ። አንዱን ሐሳብ ይዤ ስተኛ በሌላ እነቃ ነበር።

ይህንን ለቢሊሴ ነገርኳት፤ ከጸሎት ቡድናችን ያለችውን ታውቂያታለሽ። እንድትገስጸኝ ፈልጌ ነበር ብዬ ራሴን አታልላለሁ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን እንደምትጨምርበት በምን ታውቂያለሽ? የእነሱን መድኃኒት ማን ያውቃል?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ምድጃ የጋገርን ሰዎች «እነሱ» እና «እኛ» ስንሆን አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

በዚያው ሳምንት የማንጎውንና የለውዙን ልክ የምንጽፍበትን ደብተር ሳገላብጥ ከጀርባው በኩል ሁለት ገጽ ተኩል የዓረብኛ ጽሕፈት አገኘሁ። የአንቺ እጅ ነው። ባገርሽ የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ ኸልዋው ውስጥ የተማርሽው ያ የተጠጋጋ ጽሕፈት። ሰው ምን ይጽፋል የዳቦ ደብተር ጀርባ ላይ፣ ለዚያውም እኔ በማላነበው ፊደል? ቅጠሎቹን ቀድጄ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ እንዳይሠራብኝ ብዬ። አንቺን ግን ምንም አልጠየቅሁሽም። ለምን እንዳልጠየቅሁሽ አሁን ይገባኛል። ብትመልሺልኝ ኖሮ ማመን ሊኖርብኝ ነበር።

ከዚያ ጥር መጣና የረጋሳ ባልደረባ ልጁን ዳረ። አሥራ ሁለት ትልልቅ ዳቦና አራት መቶ ኩኪስ ነበር የታዘዝነው። ቢሊሴን ጨምሮ ስድስት የሰፈር ሴቶች ሊያግዙን በእኔ ግቢ ተሰብስበው ነበር። ሊጡን አቡክቼ ሳፋውን ሸፈንኩና የምሄድ መስዬ ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ። በቀርከሃው መሀል አየሁሽ። ግራ ቀኝ ተመለከትሽ። ከቶብሽ እጥፋት የታሰረች ፌስታል አወጣሽ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ሊጡ ላይ በተንሽና በሁለት እጅሽ ቶሎ ቶሎ ታሺው ጀመር።

ሮጬ ገባሁና እጅሽን ያዝኩት። ሊጥ የተለቀለቀ እጅሽን ወደ ላይ አንስቼ ለሴቶቹ አሳየሁ። ምንድን ነው ይሄ ስል ጮኽኩ።

«ጨው ነው» አልሽ።

ጨው ከሆነ ለምን ትደብቂዋለሽ አልኩሽ። አንቺ ሴቶቹን አየሻቸው፤ ቢሊሴን፣ ሌሎቹን። ከዚያ እኔን አየሽኝ። መናገር እኮ ትችዪ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃሽ ነበር። ያልሽው ግን «የኢልሊ እናት፣ እኔ አንተን ክፉ አላሰበም» ብቻ ነው። አማርኛሽ የሚዘበራረቀው ስትደነግጪ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን የዋሸሽ መሰለኝ። ሳፋውን አንስቼ በፊትሽ ሊጡን ከጉድጓድ ደፋሁት። እጅሽን እንኳ ሳትታጠቢ በአጥሩ ቀዳዳ ሄድሽ።

አዲስ ሊጥ አቦካሁ። ማንም አልነካብኝም። ሠርጉ ላይ ሰዎች ዳቦውን ቆርሰው አንድ ጊዜ ሲጎርሱና የቀረውን ከሳህኑ ዳር ሲያደርጉት አየሁ። የሙሽራው እናት ወደ እኔ ሳታይ አለፈች። ታዲያ ምን አልኩ መሰለሽ? የዋሊድ እናት ዓይን ነው አልኩ። ቤቷ ተቀምጣም ትሠራብኛለች አልኩ። ይህንንም ለሚሰማኝ ሁሉ ተናገርኩ።

ከዚያ በኋላ ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ሴቶቹ ሰልፋቸውን ከአንቺ ያርቁ እንደነበር፣ በር ላይ የምትሸጪውን የዒድ ብስኩት፣ ካዕክሽን፣ ለበዓሉ እንኳ የሚገዛሽ እንደጠፋ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ያኔ የሰማሁት ኦመር ለንግዱ ኩርሙክ ይሻለኛል ብሎ እንደወሰደሽ ነው። ይህንን ማመን ለእኔ ይመቸኝ ስለነበር አመንኩት። ዕቃ የጫናችሁ ዕለት መስኮቴን ዘግቼ ቤት ውስጥ ተቀመጥኩ።

አሁን አንቺ የማታውቂውን ልንገርሽ።

አንቺ ከሄድሽ ይሻለኛል ብዬ ነበር። ዳቦው ግን ባሰ። ሻይ ክበቡ ሌላ ሰው አገኘን አለኝ። የሰፈር ሰው ልጁ ታሟል፣ ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ጾም ነው ይለኝ ጀመር። የምጠረጥረው ሰው ግን አላጣሁም። ቢሊሴ አሠራሬን ሸጣለች አልኩ። ከዚያ ረጋሳ ላይ ዞርኩ። የሰጠሁትን ዳቦ ነካ አድርጎ ይተወዋል። አንድ ቀን ቦርሳውን ስፈትሽ በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ አገኘሁ፣ የእኔ ያልሆነ። ማናት የጋገረችልህ አልኩት። «ከሱቅ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። ሁለት ሳምንት ሳላናግረው ቆየሁ። እሱም ልክ እንደ አንቺ፣ ሊናገር ሲችል ዝም አለ።

እውነቱ የወጣልኝ አምና በሰኔ፣ ኢልሊ ለዕረፍት የመጣች ቀን ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ነበር። ኩኪሱን ከበርሜሉ ምድጃ ውስጥ ከትቼ፣ ከላይም ከታችም ከሰል አድርጌ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ምስር እለቅም ነበር። ከምድጃው ሁለት እርምጃ አልርቅም። ኢልሊ ሻንጣዋን መንገድ ላይ ጥላ እየሮጠች ገባች።

«እማዬ! እየነደደ እኮ ነው! ከዋናው መንገድ ጀምሮ ሸቶኛል፤ አንቺን አይሸትሽም?»

ዞር ስል ጭሱ በክዳኑ ጠርዝ ይወጣል። ትሪውን ስናወጣው ሁሉም ከሰል ሆኗል። ልጄ ትሪውን አላየችም፤ እኔን ነበር የምታየው። አስቀመጠችኝና ዓይንሽን ጨፍኚ አለችኝ። አንድ ነገር አፍንጫዬ ሥር አደረገች። ምንም የለም አልኳት። ነጭ ሽንኩርት ነበር። ሌላ አመጣች።

«ይሄስ?»

«ውሃ ነው» አልኳት።

ነጭ ጋዝ ነበር። ጠርሙሱን እንደያዘች አለቀሰች። ሐኪሙም በኋላ ያ ትኩሳት እንደወሰደው፣ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረኝ። ረጋሳን ስጠይቀው ከወራት በፊት ጀምሮ እንደጠረጠረ አመነልኝ። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። «ፈራሁሽ» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው ፈራሁሽ አለኝ፣ የዋሊድ እናት።

በማግስቱ በመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ትዝ አሉኝ። ከመስጊዱ አጠገብ ልብስ የሚሰፉትን ሼህ ሙርሳልን ታውቂያቸዋለሽ። ወስጄ ሰጠኋቸው። ክፉ ነገር ከሆነ ይንገሩኝ አልኳቸው፤ ያን ጊዜ እንኳ እንዲህ አልኩ። መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ጮክ ብለው በአማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። በልቤ ይዤዋለሁ።

«ሰኞ። ጨው ረስታለች፤ ሁለት ማንኪያ ጨመርኩ። ረቡዕ። ጨው ሁለት ጊዜ አድርጋለች፤ ግማሹን ሊጥ አንስቼ በአዲስ ዱቄት አለዘብኩት፤ ያነሳሁትን እንዳታይ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ቅዳሜ። ዘይቱ ሸቷል፤ አላወቀችም፤ በእኔ ዘይት ለወጥኩ።»

እንዲህ እያለ ሁለት ገጽ ተኩል። አንዱን ሳምንት ካንዱ እያስተያየሽ፣ የትኛው ቀን እንደሚብስብኝ እየተከታተልሽ ነበር። መጨረሻው ላይ ሼሁ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ያ ረብ፣ ጌታ ሆይ፣ የወሰድክባትን እሷ ሳታውቀው መልስላት።»

ቅጠሉን አጥፈው መለሱልኝና «ይህች የታመመችው ሴት ማን ናት? ዳነች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ወንበር ሰጡኝ።

ስድስቱን ሴቶች ቤቴ ጠራኋቸው። ቅጠሉን ፊታቸው ዘርግቼ ከሼሁ የሰማሁትን ሁሉ ተናገርኩ። አፍንጫዬም ምላሴም እንደሞተ ተናገርኩ፤ ከሁሉ እሱን መናገር ይቀለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ ቀለለኝ። ሁለቱ አለቀሱ። ቢሊሴ ግን «ያለፈ ነገር ነው፤ ለምን ትቆፍሪዋለሽ?» አለች። «ለእኔና ለአንቺ አልፏል፣ እሷ ግን ኩርሙክ ናት» አልኳት። ዱቄት ነጋዴውም ዘንድ ሄጄ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ሰውዬው ሳቀብኝ፤ ደስ አለኝ።

ለአንቺ ግን ዓመት ሙሉ አልጻፍኩም። ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ትቀበለኛለች ወይ ብዬ አይደለም የፈራሁት። ምናልባት አንድ ቃል ክፉ ሳትናገሪኝ ትቀበዪኝ ይሆናል ብዬ ነው።

አሁን በማንኪያና በሚዛን ነው የምጋግረው። ሊጡን የምትቀምስልኝ የመጣች ሴት ሁሉ ናት፤ ጎድሎ እንደሆነ በፊቴ ንገሩኝ እላቸዋለሁ። አንዳንዴ አሁንም የሚዋሹኝ ይመስለኛል። ፊታቸውን አያለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ የሚለቅ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ የማክሰኞው ነገር ነው። ዓኢሻ ከእናንተ ዘንድ ስትመለስ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ማን ላከው አልኳት። «እንዳትጠይቀኝ በያት ተብዬአለሁ» አለችኝ። ክዳኑን ስከፍት ኩኪስ ነው፤ ቢጫ፣ ለውዝ የተነሰነሰበት፣ ጠርዙ በሹካ ጥርስ የተጫነ። አራት በላሁ። ምን ምን እንደሚል ልነግርሽ አልችልም። ረጋሳ አንድ አነሳና ወደ ግቢው ወጣ። ጀርባውን ሰጥቶ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲመለስ ሁለተኛ አነሳ። እንዴት ነው አልኩት።

«ምንም አይጎድለውም» አለኝ።

ዓኢሻን ዳግመኛ አልጠየቅኋትም። በሕይወቴ አንድን ነገር ሳልጠረጥር ስተው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ መኪና አለ። ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው አስቀድሜ የምጽፍልሽ። ኦመርን አማክሪው፤ ቤቱ ነውና። እንድመጣ ካልፈለጋችሁ በዓኢሻ በኩል «መንገዱ ተበላሽቷል» ብለሽ ላኪልኝ። መንገዱ እውነትም መጥፎ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አይጠረጥርም፣ እኔም ምንም አልልም። ምንም ቃል ካልመጣ ግን ሐሙስ ጠዋት ከመኪናው ላይ ነኝ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ለዋሊድ ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ፣ ኦመርን ከወጣበት በሰላም ይመልስልሽ። አንቺ በምታመልኪበትም እኔ በማመልክበትም፣ ለእኔ የለመንሽው ሁሉ ለአንቺ ይሁንልሽ።

የኢልሊ እናት